አምስት ማይል ድረስ ወንድምህ ነኝ

የማይል ምልክቱ 36 ይላል። ቨርጂኒያ፣ ኢንተርስቴት 85፣ ከፒተርስበርግ ወዲያ ግራ ቀኙ ጥድ ብቻ የሆነበት መንገድ። ቀኑ የጁላይ ፎር ዋዜማ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፣ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ስድስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ የባለቤቴ ወንድምና ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ወር ያልሞላቸው አማቴ። የምንሄደው አትላንታ ነው፣ ለኳሱ። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ ከየከተማው የሚጠራን ያ ጨዋታ መሆኑን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም። ትራንኩ ውስጥ አንድ ኩለር ሙሉ ዶሮ ወጥ፣ በፎጣ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ድፎ ዳቦና ለአንድ ክፍለ ጦር የሚበቃ ቆሎ አለ።

መጀመሪያ ከኮፈኑ ሥር እንደ ጅራፍ የጮኸ ነገር ሰማን። ቀጥሎ የባትሪው ቀይ መብራት በራ። መሪው ድንጋይ ሆነ፣ ኤሲው ሞቀ፣ የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ቺንጋው ተበጥሷል። መኪና የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ ምሳ የማይበልጥ የጎማ ቀበቶ ነው፣ እሱ ሲበጠስ ግን ዲናሞውም የውሃ ፓምፑም መሪውም አብረውት ያድማሉ። ዳር አወጣኋት፣ ፍሬቻ አበራሁ፣ ከዚያ ፈገግ አልኩ። አልክድም፣ ፈገግ አልኩ። ካርድ አለኝና! 11 ዓመት ሙሉ የከፈልኩበት፣ ከመንጃ ፈቃዴ ጀርባ ተወትፎ ጠርዙ የተበላ የጉዞ ክለብ ካርድ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዴም አልተጠቀምኩበትም።

ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምጿ ማር ነው። «ደኅና ቦታ ላይ ናችሁ?» አለችኝ። ደስ አለኝ። «ለ11 ዓመት አባልነትዎ እናመሰግናለን» አለችኝ። ይበልጥ ደስ አለኝ። ከዚያ የኪቦርድ ቀጭ ቀጭ ተሰማ። «በእርስዎ ደረጃ እስከ 5 ማይል በነፃ እንጎትትልዎታለን።»

ከምልክት 36 ተነስቶ 5 ማይል ሲኬድ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፦ ጥድ። መኪና የሚሠራበት ከተማ ሳውዝ ሂል ነው፣ መውጫ 12፣ 24 ማይል። የቀረውን 19 ማይል፣ ማይሉን በ6 ዶላር፣ በድምሩ 114 ዶላር ከኪሴ እንድከፍል ተነገረኝ። ጎታቹ በ45 ደቂቃ ይደርሳል ተባለ፤ የደረሰው ከ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። ሲመጣም ጋቢናው የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ። የተቀረው አራት ሰው ጥዱ ውስጥ ይደር ወይስ ይብረር፣ ባለ ቀለሙ ብሮሹር ላይ አንድ መስመር አልተጻፈም።

አማቴ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠው ንግግሩን ሲከታተሉ ቆይተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ዕድርህ ናቸው?»

«አይ እማዬ፣ ክለብ ነው።»

«ታዲያ 11 ዓመት መዋጮ ስትከፍል አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አይተሃቸው አታውቅም?»

የክለቡን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌላው የተሻለ ይመስላችኋል፣ ጉዳዩም የአንድ ክለብ አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ የአማቴ ጥያቄ ነው። «አባል» የሚለውን ቃል ማን ፈቀደላቸው? በእኛ ቋንቋ አባል ማለት አካል ነው፤ እጅ አባል ነው፣ እግር አባል ነው። ጣትህን ሲያምህ ራስህ «አንተ ያለኸው በዝቅተኛው ደረጃ ነው» አይልህም። ዕድርተኛ ቤት ለቅሶ ሲገባ ዳኛው መዝገብ ገልጦ «እርስዎ ነሐስ ስለሆኑ ድንኳኑን እንተክላለን፣ ወንበሩን ግን ከራስዎ» ሲል የሰማ አለ? ዕድርም ደንብ አለው፣ ያውም ጥብቅ፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደ ይቀጣል። እኔን ለማንሳት 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የቆየውን ማን ቀጣው? እነሱ ዘንድ ቅጣት ያለው ለእኛ ነው፣ ክፍያው አንድ ቀን ሲያልፍ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም፣ ንዴቴም በከፊል ከዚህ ይመጣል። እንግሊዝ አገር በ1905 የተቋቋመው የመኪናዎች ማኅበር ብስክሌተኞችን መንገድ ላይ ያሰማራ ነበር። ሥራቸው ፖሊስ ከፍጥነት በላይ ስትነዳ ሊይዝህ የተደበቀበትን ቦታ ለአባላት መጠቆም ነው። ፍርድ ቤት ይህን ሲከለክላቸው ዘዴ ፈጠሩ፦ ብስክሌተኛው የማኅበሩን ምልክት የለጠፈ መኪና ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታውን ከከለከለህ ወዮልህ፣ ፊት ለፊትህ ወጥመድ አለ። ሰላም ባለማለት የሚታሰር ሰው የለማ! አባልነት ይህ ነው፤ ከሕግ ጋር የሚጋፋልህ ሰው ማግኘት። አሜሪካም በ1902 ዘጠኝ ክለቦች ቺካጎ ተሰብስበው ትሪፕል ኤ የተባለውን የመኪና ማኅበር ሲመሠርቱ መኪና የሚሄድበት መንገድ እንኳ በወጉ አልነበረም፣ አንዱ ትግላቸው ለእሱ ነበር። ዛሬ አባሉ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው። 60 ሚሊዮን ሰው በምንም ሒሳብ ዕድር አይሆንም።

ሁሉም ሰው በአንድ ዓይን ይታይ ነበር ማለቴም አይደለም። ያኔ ለጥቁር ሾፌር የሚያስፈልገው ካርድ ሳይሆን መጽሐፍ ነበር። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የሚባል ሃርለም የሚኖር ፖስተኛ ከ1936 ጀምሮ ያሳተመው አረንጓዴ መጽሐፍ፣ የት ማደር እንደሚቻል፣ የት ቤንዚን እንደሚሸጡልህ፣ የት ፊትህን አይተው እንደማይዘጉብህ የሚናገር ነበር። እኛ ዛሬ ባንዲራ አንጠልጥለን፣ ክራር ከፍተን ካሮላይናን የምናቋርጠው እነዚያ ሰዎች ሻንጣቸው ውስጥ ምሳና ውሃ ይዘው እየፈሩ በሄዱበት መንገድ ነው። ይህን ለልጆቼ የነገርኳቸው እዚያው ሣሩ ላይ ነው፣ ጊዜ ነበረና።

እኔ ደግሞ መንገድ ያወቅሁት አገር ቤት ነው፤ አባቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነጂ ነበር፣ አዲስ አበባ ደሴ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል። ጣርማ በር ጉም ውስጥ ስንበላሽ የመንገድ ዳር ርዳታ የሚባለው፣ ጭነቱ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተኛው ሰው ነው። ስሙ ራሱ ረዳት! ዘሎ ይወርዳል፣ ታኮ ይጥላል፣ ቅጠልና ድንጋይ ከኋላ መንገዱ ላይ ይደረድራል፣ ክሪኩን ያወጣል። የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል። «ምን ጎደላችሁ?» አንዱ ስኮርታ፣ አንዱ ቺንጋ፣ አንዱ በጄሪካን ውሃ። ትዝታ አያታልለኝ፤ ደብረ ሲና ላይ መለዋወጫ ጠብቀን ሁለት ቀን የተኛንበት ጊዜም አለ። ግን የሚቆመው ሰው ለምን እንደሚቆም ይታወቅ ነበር፤ ነገ እሱ ሲበላሽ አባቴ ይቆማል።

እንግዲህ ከዚህ ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ ካርድ የገዛሁት። ለምን ገዛሁ? ፈርቼ። ብሮሹሩ ላይ በረሃ የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሚስት፣ ልጆች፣ የሚስቅ ውሻ አለ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፦ ሌሊት፣ ጨለማ፣ የማላውቀው ካውንቲ፣ እንግሊዝኛዬ ስደነግጥ የሚጠፋብኝ እኔ። የገዛሁት ክታብ ነው። ክታብ ደግሞ አንገት ላይ ይታሰራል እንጂ ተከፍቶ አይነበብም። እኔም ውሉን አንድ ቀን ከፍቼ አላነበብኩም።

ከአትላንታ ስመለስ አነበብኩት። ሁለት ቡና ፈጀብኝ። በዓመት አራት ጥሪ፤ ይሁን። ዝቅተኛው ደረጃ 5 ማይል፣ ቀጣዩ 100 ማይል፤ አምልጦኛል፣ ጥፋቱ የእኔ። 9ኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ታክሲ፣ ሊሞዚንና ለኪራይ የሚሠራ ማንኛውም መኪና አገልግሎቱን አያገኝም ይላል። ከ11 ዓመቱ ስድስቱን እኔ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳሁ ነበር! ስድስት ዓመት፣ ቀንና ሌሊት መሪ ላይ ሆኜ፣ በማይሠራልኝ ካርድ ተማምኜ ኖሬያለሁ። የዚያን ከተማ ታክሲ መሪ ስንቶቻችን እንደያዝነው ይታወቃል። ይህን ካርድ ስንቱ ኪሱ አስገብቶ ዛሬም ኤርፖርት ተሰልፏል? ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ለሽያጭ ሠራተኛው በቃል አትጠይቁት፤ በቃል ሁሉም «ይሠራል» ነው። ውሉ ላይ ጣቱን እንዲያሳርፍ አድርጉት።

ሒሳቡን ደግሞ እንሥራ። በዓመት ወደ 70 ዶላር፣ በ11 ዓመት 770 ዶላር። 770 ዶላር ከፍዬ ያገኘሁት 5 ማይል ነው። አንዱን ማይል በ154 ዶላር ተጎትቻለሁ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት በሠረገላ ቢጎተት ይህን ያህል አይከፍልም።

«ካርዱ የሚያስገኘው ቅናሽስ?» ትሉኛላችሁ። ባለቤቴም ይህንኑ ትለኛለች። የሆቴል ቅናሽ ለእኛ! ሐበሻ መንገድ ሲወጣ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ነው ያንን ዝርዝር የጻፈው። ሻርለት አክስት አለች። ኮሎምበስ አብሮ አደግ አለ። አትላንታ የክርስትና እናት አለች፣ ሆቴል እንደያዝን ብትሰማ ዓመት ታኮርፋለች። አክስቴ ቤት የአባላት ቅናሽ ስንት በመቶ ነው? ሆቴል የምታድሩም ብትሆኑ ሆቴሎቹ ራሳቸው በነፃ የሚመዘግቡት የደንበኞች ዝርዝር አላቸው፤ ዋጋውን ጎን ለጎን አስቀምጡትና ልዩነቱን እዩት። ምግብ ቤቱን ተዉት፣ ኩለራችንን ታውቁታላችሁ። ክለቡ የሚሰጠውን ካርታ ግን፣ እሱን አልሰድብም። አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ክለብ ቢሮ ወስዶኝ ነበር። አንድ በዕድሜ የገፉ ሴት በሽቦ የተጠረዘች ጠባብ የካርታ ደብተር ላይ መንገዳችንን በብርቱካናማ ቀለም እያሰመሩ፣ «እዚህ ጋ ግንባታ አለ፣ በዚህ ዙሩ» አሉን። ያን ደብተር ዛሬም አልጣልኩትም። አሁን ያንን ሥራ ስልኬ በነፃ ይሠራዋል፣ ጠረኑ ብቻ የለም።

ከመፈረማችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ፈትሹ። የመኪና ኢንሹራንሳችሁ ላይ በወር ጥቂት ዶላር ጨምራችሁ የመጎተት አገልግሎት ማግኘት የምትችሉበት ዕድል ሰፊ ነው፣ ምናልባትም ሳታውቁት እየከፈላችሁ ነው። እኔ እከፍል ነበር። አዎ፣ ሁለቱንም! አንዳንዱ ኢንሹራንስ ጥሪውን መዝገባችሁ ላይ ስለሚጽፈው ይህንንም ጠይቁ። መኪናችሁ አዲስ ከሆነ ፋብሪካው ይሸፍናችኋል፤ ሀዩንዳይ ለ5 ዓመት፣ ቶዮታ ለ2 ዓመት የመንገድ ዳር ርዳታ ይሰጣል። አዲስ መኪና ገዝቶ በዚያው ሳምንት ክለብ የገባ ዘመድ አለኝ፤ ዣንጥላ ይዞ የዝናብ ልብስ ለብሶ ሳሎን የተቀመጠ ሰው በሉት። ደግሞ በታክሳችን የሚሠራ ነገር አለ፣ ብዙም የማይተዋወቅ። ሜሪላንድ ቻርት የሚባል፣ ቨርጂኒያ የደኅንነት ፓትሮል፣ ሰሜን ካሮላይና አይማፕ፣ አትላንታ ዙሪያ ሂሮ የሚባሉ የመንግሥት መኪናዎች አሉ። ትልልቅ መንገዶች ላይ እየዞሩ ጎማ ይቀይራሉ፣ ቤንዚን ለጨረሰ ትንሽ ያቀምሳሉ፣ ሳንቲም አይጠይቁም። ጫካ ውስጥ አትጠብቋቸው፣ የሚበዙት ከተሞች አካባቢ ነው። ግን ስንቶቻችን መኖራቸውን እናውቃለን?

ታዲያ ካርዱ ለማንም አይረባም? ይረባል፣ እዚህ ላይ የሚናደዱብኝ ካሉ ይናደዱ። ዝቅተኛው ደረጃ የሰፈር ካርድ ነው። ጥር ላይ ባትሪው የሚሞትበት፣ ቁልፉን ውስጥ ቆልፎ የሚወጣ፣ ከቤቱ ሦስት ማይል ላይ ሜካኒክ ያለው ሰው ይግዛው፣ ያተርፋል። የበረሃ ፎቶ ለጥፈው ለመንገደኛ ሲሸጡት ነው ነውሩ። መንገድ የሚወጣ፣ መኪናው አሥር ዓመት ያለፋት፣ ኢንሹራንሱ የማይጎትትለት ሰው ባለ 100 ማይሉን ይግዛ ወይ ጨርሶ ይተወው፣ መሃል የለም። ከምልክት 36 ወደ ኋላ ሪችመንድ፣ ወደ ፊት ዳርሃም፣ ሁለቱም 100 ማይል አይሞሉም። ዳርሃም ጋራዥ ያለው ያጎቴ ልጅ አለ፣ በዓል ይሁን ሌሊት ይከፍትልኝ ነበር። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ በዓመት 40 ዶላር ነው። በዚያች 40 ዶላር ምክንያት ሁለት ቀን ሳውዝ ሂል ተኛሁ። የምትገዙ ከሆነ የመንገዳችሁ ዋዜማ ላይ አትግዙ፣ ከፍ ያለው ደረጃ ከተከፈለ በኋላ ቀናት ሳይቆይ የማይጀምርበት ክለብ አለና። አንድ ደግ ነገርም አለው፦ ካርዱ የሚከተለው መኪናውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ኮሌጅ ያለች ልጅ በጓደኛዋ አሮጌ መኪና ስትዞር ካርዱ አብሯት ይዞራል። ይህን እኔም አከብራለሁ።

ያን ምሽት ግማሽ ሰዓት እንኳ አልጠበቅንም፣ መስኮቱ ላይ ባንዲራ የሰካ ሃይላንደር ጥሩምባውን እየነፋ አልፎን ሄደ። ከዚያ ፍሬኑን ያዘ፣ በዳር በኩል ወደ ኋላ እያለ ተመለሰ። አንድ ጎልማሳና ባለቤቱ ናቸው፣ ከሪችመንድ። የአባልነት ቁጥር አልጠየቀኝም፣ «ሐበሻ ናችሁ አይደል?» ብቻ። አማቴን ደግፎ ከፊት አስቀመጣቸው፤ ሚስቱ ከልጆቹና ከባለቤቴ ወንድም ጋር ከኋላ ገባች። ሳውዝ ሂል ወስዷቸው አንድ በርገር ቤት እኛ እስክንደርስ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እኛ በጎታቹ ስንደርስ አማቴ የዶሮውን ኩለር አስወርደው፣ የበርገር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንጀራ ዘርግተው ሰውየውን እያጎረሱት ነበር። አስተናጋጇ ልትቆጣ መጥታ እሷም ጎረሰች። ሰውየው ገንዘብ ላውጣ ስል እጄን ይዞ መለሰልኝ፣ ሌሊቱን ነድቶ አትላንታ ገባ። እኛ የደረስነው ጁላይ 5 ማታ ነው፤ በበዓሉ ጋራዡ ዝግ ነበር፣ ሲከፈት ቺንጋውን ለመቀየር 40 ደቂቃ አልፈጀም። የባለቤቴ ወንድም ሊያየው የመጣው ጨዋታ አልፎታል፣ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

መስከረም ላይ ደብዳቤ መጣ፣ የእድሳት። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ውስጡ አዲስ ካርድ ከነማጣበቂያው። እንደ አገሩ ደንብ የእኔን ስም ትተው የጻፉት በአባቴ ስም ነው፣ እሱንም አንድ ፊደል ገድፈው። ኤንትሬ ነጂው አባቴ ካረፈ 20 ዓመት አለፈው። ለ12ኛ ዓመት አባልነቱ ያመሰግኑታል፣ ደረጃውንም ዛሬውኑ እንዲያሳድግ ይመክሩታል።